ጓያ ያልሰበረው ልጅ

ፎገራ ላይ የእግር መድከም የታወቀ ስም አለው። ሰው እግሩ ታስሮ፣ ጉልበቱ እየተጋጨ በዱላ መሄድ ከጀመረ ሰፈሩ ሐኪም ሳይጠብቅ «ጓያ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ጓያ የዚህ ዋልካ መሬት እህል ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሩዙ በቆመበት ወይም እንደታጨደ፣ በቀረችው እርጥበት ይዘራል። ድርቅንም ውሃ የተኛበትን መሬትም ስለሚችል ሌላው እህል ሲጠፋ እሱ ይገኛል። ጉዳቱም የሚመጣው ያኔ ነው፤ በክፉ ዘመን ሁለት ሦስት ወር ሙሉ ጓያ ብቻ ሲበላ፣ ውስጡ ያለው ኦዳፕ የሚባል መርዝ ከአንጎል በአከርካሪ በኩል ለእግር ትእዛዝ የሚያወርደውን ነርቭ ይጎዳል። በ1969 ዓ.ም. ገደማ ደምቢያንና ፎገራን የመታው የጓያ ወረርሽኝ ብዙ ሰው አሽመድምዷል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በእነዚሁ ሁለት አካባቢዎች ቤት ለቤት ዞረው ያጠኑት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል።

በዚህ በታወቀ ስም ሥር ተደብቆ የሚኖር ሌላ በሽታ ግን አለ። ሐኪሞች መስኩላር ዲስትሮፊ ይሉታል፤ እኛ የጡንቻ መመናመን እንበለው። ይህ ጽሑፍ ስለ በሽታው ምንነት ጥቂት ይናገራል፤ አብዛኛው ግን ሐኪሙ ስሙን ከተናገረ በኋላ፣ ቤተሰቡ ከባሕር ዳር ወይም ከጎንደር ወደ ፎገራዋ ከተማ ወደ ወረታ በሚመለስበት መኪና ውስጥ ስለሚጀምረው ኑሮ ነው።

በምሳሌ እንጀምር። ከርብ ወንዝ ዳር ካለ ቀበሌ የመጣ የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ አለ እንበል። ከእኩዮቹ ዘግይቶ ነው በእግሩ የሄደው። ሲሮጥ ይቀደማል፤ ሜዳ ላይ ያለ ምክንያት ይወድቃል፤ ሲራመድ ሆዱን ወደ ፊት ገፍቶ በጣቱ ጫፍ ነው። ባቱ ግን ወፍራም ነው። ያየው እንግዳ ሁሉ «ጎበዝ ገበሬ ይወጣዋል» ይላል። እናቱ ግን አንድ ነገር አስተውላለች። ከመሬት ሲነሳ እንደ ሌላ ልጅ ብድግ አይልም። መጀመሪያ በሆዱ ይዞርና በአራት እግሩ ይሆናል። ከዚያ መቀመጫውን ወደ ላይ ያነሳል። ቀጥሎ አንድ እጁን ጉልበቱ ላይ፣ ሌላውንም ጉልበቱ ላይ፣ ከዚያ ጭኑ ላይ እያደረገ፣ ዛፍ እንደሚወጣ ሰው በራሱ እግር ላይ ተንጠላጥሎ ቀጥ ይላል። ይህን አነሳስ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ጋወርስ እ.ኤ.አ. በ1879 ጽፎታል፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ለማየት መሣሪያ አይፈልግም። ልጁን መሬት ላይ አስቀምጦ «ና ተነስ» ማለት ይበቃል። ይህን አንድ ነገር እያንዳንዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና የአንደኛ ክፍል መምህር ቢያውቀው ብዙ ልጅ ከዓመታት መንከራተት ይድናል ብዬ አምናለሁ።

ከጓያ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ጓያ ፈጥኖ ይጥላል፤ ደህና ያመሸ ሰው ሲነጋ እግሩን እንደ እንጨት ገትሮ ሊያገኘው ይችላል። ጡንቻው ይወጠራል፤ ጭኖቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። ጓያውን ሲተዉት የደረሰው ጉዳት አይመለስም፤ ግን አይብስም። የጡንቻ መመናመን ግን ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ ከዳሌና ከጭን ይጀምራል፤ ጡንቻውን ያላላል እንጂ አይወጥርም፤ የተበላው ምንም ይሁን ምን መግፋቱን አይተውም። ፖሊዮም ቢሆን ትኩሳት አስይዞ በቀናት ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን እግር ነው የሚመታው።

በልጅነት ከሚመጡት ዋናው ዱሼን ይባላል፤ በፈረንሳዊው ሐኪም በዱሼን ስም የተጠራ ነው። በዓለም ላይ ከ3,500 እስከ 5,000 ከሚሆኑ ወንድ ሕፃናት አንዱ ይዞት ይወለዳል። ቤከር የሚባለው ወንድሙ ቀለል ያለና ዘግይቶ የሚታይ ነው። በአዋቂነት የሚጀምሩም አሉ። አንዱ ፊትንና ትከሻን ያደክማል፤ ሰውየው ሲተኛ ዐይኑ በደንብ አይከደንም። ማዮቶኒክ የሚባለው ደግሞ የጨበጠን እጅ ቶሎ አያስለቅቅም፤ ሩዝ አጫጁ ማጭዱን ልተው ሲል ጣቶቹ አልታዘዝ ይሉታል። ስለ እያንዳንዱ ለብቻ መጻፍ ይቻላል፤ እኔ በዱሼን ላይ እቆያለሁ።

ጡንቻው ውስጥ ምን እንደሚሆን ለፎገራ ገበሬ ማስረዳት አይከብድም። የሩዝ ማሳ ውሃ የሚይዘው በዙሪያው ባለው የአፈር ድንበር ነው። ድንበሩን አጥብቆ የሚያቆመው የሣሩ ሥር ነው። ሥሩን ንቀሉት፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ድንበሩ ይሸረሸራል፤ ይጠገናል፣ እንደገና ይሸረሸራል፤ በመጨረሻ ማሳው ደለል ይሞላበታል። በጡንቻ ውስጥ የሣሩን ሥር ሥራ የሚሠራው ዲስትሮፊን የተባለ ፕሮቲን ነው። ዱሼን ያለበት ልጅ ይህ ፕሮቲን የለውም። ጡንቻው በተኮማተረ ቁጥር ሽፋኑ ይቀደዳል፤ ሰውነቱ ይጠግነዋል፤ አቅሙ ሲያልቅ ቦታውን ስብና ጠባሳ ይይዘዋል። ያ የሚያምረው ወፍራም ባት ደለል ነው። ልጁን «ይጠንክር» ብሎ ማስሮጥ፣ ሸክም ማሸከም ወይም ወጌሻ ዘንድ ወስዶ በኃይል ማሳሸት ሥር በሌለው ድንበር ላይ ጎርፍ እንደ መልቀቅ ነው።

ወደ ምርመራው እንምጣ። ከወረታ ባሕር ዳር ወደ 55 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደብረ ታቦር በምሥራቅ፣ ጎንደር በሰሜን አለ። የመጀመሪያው ምርመራ ክሬያቲን ካይኔዝ፣ በአጭሩ ሲኬ የሚባል የደም ምርመራ ነው። ሲኬ ጡንቻ ሲቀደድ ወደ ደም የሚፈስ ነገር ነው፤ በዱሼን ከጤነኛው መጠን ብዙ አሥር እጥፍ፣ አንዳንዴም መቶ እጥፍ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የጉበት ምርመራ የሚባሉት ኤኤስቲና ኤኤልቲ ከጡንቻም ይወጣሉ። እነሱ ብቻ ታይተው «ጉበቱ ተጎድቷል» የተባለ ልጅ ዓመት ሙሉ ለጉበት ሲታከም ሊኖር ይችላል። የሚራመድበት መንገድ የተለወጠ ልጅ ጉበት ሲባል፣ «ሲኬም ይታይልን» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። በሽታውን የሚያረጋግጠው የዘረመል ምርመራ በየሆስፒታሉ አይገኝም። የነርቭ ሐኪምም ብርቅ ነው፤ በአገር ውስጥ ነርቭ ሐኪሞችን ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1998 ዓ.ም. ነው። ያ ሁሉ እስኪሟላ ግን ክብካቤው መቆም የለበትም። የሚቀጥሉት ነገሮች አብዛኛዎቹ የዘረመል ወረቀት አይጠብቁም።

ቤተሰቡ ወደ ቤት ሲመለስ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ስለ መድኃኒት አይደለም። «ከማን መጣ?» የሚል ነው፤ ጣትም ሁልጊዜ ወደ እናት ይቀሰራል። ጎረቤት «እቴዋ፣ ጓያ ሽሮ አብዝተሽበት ይሆናል» ትላለች። ሌላዋ የጓያ እንፋሎት መትቶት ነው፣ ገለባው ላይ ተኝቶ ነው ትላለች፤ ይህ እምነት በጓያ አገር የቆየ ነው። ሁሉም ሐሰት ነው። ዲስትሮፊን የሚሠራው ዘር ኤክስ በሚባለው ክሮሞሶም ላይ ተጽፏል። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል። ወንድ አንድ ብቻ ስላለው መሸፈኛ የለውም። እናት የተበላሸውን የምትሸከም ከሆነች እያንዳንዱ ወንድ ልጇ በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ እያንዳንዷ ሴት ልጇም ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ እንዲሁ። ነገር ግን ከሦስት ልጆች በአንዱ ገደማ ስሕተቱ ከእናት የተወረሰ ሳይሆን እዚያው አዲስ የተፈጠረ ነው። ዘሩ በሰው ልጅ ዘረመል ውስጥ ከትልልቆቹ አንዱ ነው፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ፊደል አለው። ይህን የሚያህል መጽሐፍ ሲገለበጥ ፊደል መሳቱ አይቀርም። እናት ያደረገችውም ሆነ ያላደረገችው ነገር አላመጣውም።

«እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የምንጋባ፤ እንዴት ይገባብናል?» የሚልም አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰባት ቤት መቁጠር የሚከላከለው ከእናትም ከአባትም አንድ ዓይነት ስሕተት ሲገናኝ የሚመጡትን በሽታዎች ነው፤ ከጡንቻ መመናመንም አንዳንዱ ዓይነት እንደዚያ ነው። ዱሼን ግን በአንዲት እናት በኩል ብቻ ያልፋል፤ ስለዚህ ቆጠራው አያግደውም። በቤቱ ያለች እህት አድጋ ከማግባቷ በፊት ይህን ማወቅ አለባት። እናቲቱም ተሸካሚ ከሆነች የራሷን ልብ በየጊዜው ብትታይ ይገባል፤ የተሸካሚ ሴት ልብም ሊደክም ይችላልና። ይህን የሚነግራት ብዙ ጊዜ የለም፤ ሁሉም ልጁን ነው የሚያየው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ውጭ አገር መድኃኒት አለ ይባላል» የሚለው ነው። አዎ፣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 የተፈቀደ የዘረመል ሕክምና አለ፤ ዋጋው 3.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ሕክምናውን ከወሰዱት መካከል መራመድ ያቆሙ ሁለት ልጆች ጉበታቸው ተጎድቶ ሞተዋል። ይህን የምጽፈው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ ሁለት በሬ ሸጦ የማይደረስበትን ተስፋ ለማሳደድ መንገድ የሚጀምር አባት ስለሚኖር ነው። በሬዎቹ እቤት ይቆዩ። አቅም የሚፈቅደው ነገር እዚሁ አገር ፋርማሲ ውስጥ አለ።

እሱም ፕሬድኒሶሎን ነው። ርካሽ፣ የቆየ፣ የታወቀ ክኒን ነው። በሽታውን አያድንም፤ ልጁ በእግሩ የሚቆይበትን ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ በሁለት ሦስት ዓመት ያራዝማል፤ ጀርባው እንዳይጣመምና ትንፋሹ ቶሎ እንዳይደክምም ያግዛል። ያለ መድኃኒት አብዛኛው ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው መራመድ ያቆማል፤ ስለዚህ ሁለት ዓመት ማለት ትምህርት ቤት በራስ እግር መሄድ ማለት ነው። ዋጋውም አለው፤ ፊት ይነፋል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ቁመት ይዘገያል፣ አጥንት ይሳሳል። መጠኑንና የሚጀመርበትን ጊዜ ሐኪም ይወስን። ፎገራ ላይ ግን ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ከመጀመሩ በፊት ሰገራ ይመርመር፤ እርጥብ መሬት በባዶ እግር በሚረገጥበት አገር በእግር የሚገቡ ጥገኛ ትሎች አሉ፤ አንዱ ዓይነት በዚህ መድኃኒት ሥር ሰውነትን ሊያጥለቀልቅ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳም ይጣራ። ሁለተኛ፣ ክኒኑ በድንገት አይቋረጥም። ሰውነት የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማምረት ስለተወ፣ ድንገት ሲቀር ልጁ ሊሞት ይችላል። ባለፉት ዓመታት መንገድ ሲዘጋ፣ መድኃኒት ቤት ባዶ ሲሆን አይተናል፤ ስለዚህ የአንድ ወር ትርፍ ሁልጊዜ እቤት ይኑር። ሦስተኛ፣ ክኒኑ ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው፤ ጾም ላይ የንስሐ አባትን ማማከር ነው፤ ሕመምተኛ ልጅ እንዲበላ የማይፈቅድ አባት አላጋጠመኝም።

ጸበልም እንዲሁ። ቤተሰቡ ጸበል መሄዱ አይቀርም፤ መሄዱም መልካም ነው፤ እናት እንባዋን የምታፈስበት ቦታ ያስፈልጋታል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር፤ ያ ምክር ለዚህም ልጅ ይሠራል። ክኒኑ አይቋረጥ፤ ሌሊት በብርድ ሲጠመቅም ሳል እንዳይገባበት ቶሎ ይድረቅ፣ ይልበስ።

ከመድኃኒቱ ይልቅ ግን ቤተሰቡ በገዛ እጁ የሚሠራው ሥራ አለ፤ እሱም ተረከዝ ነው። የተረከዙ ጅማት በየቀኑ ጥቂት ያጥራል። ሲያጥር ልጁ በጣቱ ጫፍ ይቆማል፤ በጣት ጫፍ የቆመ ደካማ ልጅ ይወድቃል፤ ይሰበራል፤ ስብራቱ እስኪገጥም ሲተኛ ደግሞ ያው መራመዱ ይቀራል። ማታ ከእራት በኋላ ልጁ መደቡ ላይ በጀርባው ይጋደም፤ ጉልበቱ ይዘርጋ። አባትየው ተረከዙን በመዳፉ ሙሉ ይያዝ፤ ክንዱን ደግሞ በልጁ ውስጥ እግር ላይ ያሳርፍ። ከዚያ ተረከዙን ወደ ራሱ እየሳበ፣ በክንዱ የእግሩን ፊት ወደ ልጁ ጉልበት ቀስ ብሎ ይግፋ። መወጠር እንጂ ማመም የለበትም። ሃያ እስኪቆጠር ይያዝ፤ ይለቀቅ፤ አሥር ጊዜ ይደገም። ቁጥሩን ልጁ ራሱ ይቁጠር፤ ትናንሾቹ እህቶቹ አብረው ይቆጥራሉ። አንዴ ትክክለኛ አያያዙን የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል፤ በማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ ሥራውም ይታወቃል። ከታየ በኋላ ግን ሥራው የቤት ሥራ ነው።

ማንሳትም መማር ይፈልጋል። ሰው ሁሉ ልጅን በብብቱ ይዞ ነው የሚያነሳው። የዚህ ልጅ ትከሻ ግን ስለሚደክም ከእጃችሁ ያመልጣል፤ ክንዱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ሰውነቱ ይወርዳል። አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ደረቱን ይቀፈው፤ ሌላው ከጭኖቹ ሥር ይያዝ።

ስለ ክፍያ ደግሞ ወረታ ዕድለኛ ናት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ ፎገራ ነበር። መድኑ የሚሠራው ግን ከጤና ጣቢያ ተጀምሮ በሪፈር ሲኬድ ነው። ቤተሰቡ ቸኩሎ በቀጥታ ባሕር ዳር ከወረደ ከኪሱ ይከፍላል።

ትምህርት ቤት ላይ ብዙ መቆየት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ልጁ መጀመሪያ የሚጠፋው ከዚያ ነው። «ይደክመዋል፣ ይቅር» ይባላል። እግሩ ለማይታዘዝ ልጅ ግን ትምህርት ከማንም በላይ ያስፈልገዋል፤ ሞፈር አይዝምና። መምህሩ ሁለት ነገር ይወቅ። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ማንበብ ወይም ትኩረት ይከብዳቸዋል፤ ያው የጎደለው ፕሮቲን አንጎል ውስጥም ሥራ ስላለው ነው እንጂ ስንፍና አይደለም። ሌላው፣ ክፍሉ ምድር ቤት ይሁን፤ ወንበሩ ለመጸዳጃው በሚቀርበው በር በኩል ይሁን። የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ እንዲመች ያዛል፤ ርእሰ መምህሩ ፊት ሲቀርቡ ቁጥሩን ማወቅ ይጠቅማል። እግር ሲቀር የጣት ኃይል ከብዙ ጡንቻ በኋላ ድረስ ይቆያል። ስልክ መጠገን፣ ኮምፒውተር፣ በወረታ ሩዝ መፈልፈያ ቤቶች ሒሳብ መያዝ ይችላል፤ የገለባው ብናኝ ትንፋሹን ስለሚጎዳ ግን ከመፈልፈያው ራቅ ያለ ክፍል ይሁን።

ልጁ አንድ ቀን «መቼ ነው እንደነሱ የምሮጠው?» ይላል። «ስታድግ» ማለት ይቀናል፤ እኔ ግን አትበሉት እላለሁ። ሲያድግ መሮጡ ይቅርና መራመዱም ይቀራል፤ ያን ቀን ልጁ የሚያዝነው በእግሩ ብቻ ሳይሆን በእናንተም ነው። «ጡንቻህ ቶሎ የሚደክም በሽታ አለበት፤ አንተ ያጠፋኸው ነገር የለም፤ መሄድ ሲከብድህ በሌላ እንሄዳለን» ቢባል የስምንት ዓመት ልጅ ይረዳል። የቀረውን ራሱ በየዓመቱ ይጠይቃል፤ በጠየቀው ልክ ይመለስለት።

ጊዜው ሲደርስ ተሽከርካሪ ወንበር ሽንፈት አይደለም። ባሕር ዳር የአካል ተሐድሶ ማዕከል አለ። በእጅ የሚዘወረው ባለ ሦስት ጎማ ለፖሊዮ ሰው የሚመች ነው፤ ዱሼን ላለበት ልጅ ግን ክንዱም ስለሚደክም ሰው የሚገፋውና ጀርባን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ወንበር ይሻላል። ክረምት ላይ ዋልካው ጎማውን ይይዘዋል፤ ያን ጊዜ ጋሪ ወይም ባጃጅ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ ወንበሩ።

ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ ዐይን ከእግር ወደ ደረት ይዙር። ልብም ጡንቻ ነው። በሽታው ከታወቀበት ጊዜ ጀምሮ በየዓመቱ በኢኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ ይታይ፤ በአሥር ዓመቱ ገደማ ኢናላፕሪል የሚባለውን የተለመደ የልብ ክኒን ሐኪሞች ምልክት ሳይጠብቁ ይጀምራሉ። ጠዋት ራሱን ካመመው፣ ቀን ካንቀላፋ፣ ሳሉ አክታ የማያወጣ ከሆነ ትንፋሹ እየደከመ ነው፤ ቶሎ ይታይ። የምድጃ ጭስ ከሚተኛበት ይራቅ። ቀድሞ እነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ሃያ ሳይሞላቸው ያልፉ ነበር፤ የልብና የትንፋሽ ክትትል በሚገኝበት ዛሬ ሠላሳን የሚያልፉ ብዙ ናቸው።

የመጨረሻው ነገር ወረቀት ነው። አንድ ካርድ ላይ የበሽታው ስም፣ የሚወስደው ክኒን፣ «በድንገት አይቋረጥ» የሚል፣ እንዲሁም «ለቀዶ ሕክምና ሲደነዝዝ ሱክሲኒልኮሊን አይሰጠው» የሚል ይጻፍ፤ ይህ ከማደንዘዣ ጋር የሚሰጥ ጡንቻ ማላያ የዚህን ልጅ ልብ ሊያቆም ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ብዙ ቤት ዕቃ ሳያነሳ ነው የወጣው። ስለዚህ ሰኔ ሳይገባ ሁለት ጎልማሳ ጎረቤቶች ተመርጠው፣ ውሃ ሲመጣ ልጁን በቃሬዛ የሚያወጡት እነሱ መሆናቸውን ይወቁ፤ አነሳሱንም ይልመዱት። ካርዱ፣ የመድኑ ደብተርና የወሩ ትርፍ ክኒን በፌስታል ታስረው፣ የዚያ ዓመት ውሃ ከደረሰበት በላይ ምሰሶው ላይ ይሰቀሉ።